ምዕራፍ ሰባት፦ አንበሳው ለምን ይተኛል?

በሐምሌ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ይዘው ዋሽንግተን ወዳለው ብሔራዊ ዙ የሄዱ ወላጆች ማታ ቤት ሲገቡ የሚያወሩት ወሬ ተመሳሳይ ነው። መግቢያው ነጻ ነው ተብለን ሄደን መኪና ማቆሚያው ኪሳችንን አራቆተው፤ ውሃ ረስተን አንዷን ጠርሙስ በወርቅ ዋጋ ገዛናት፤ ትንሹን ልጅ ጫማው ላጠው፤ አንበሳው ደግሞ ተኝቷል። ሌላው ሁሉ በሳምንቱ ይረሳል፣ የአንበሳው መተኛት ግን ቅሬታ ሆኖ ይከርማል። አባትየው በልጅነቱ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ እየተወሰደ ያደገ ከሆነማ ነገሩ ክብሩን የነካው ያህል ይሰማዋል። ከቦዩ ማዶ ካለው ሣር ውስጥ የጅራት ጫፍ ብቅ ትላለች፣ ዝንብ ትመታለች፣ ተመልሳ ትጠፋለች። «አባዬ፣ ሞቷል እንዴ?» ይላል ልጁ። አባት ጉሮሮውን ይጠርጋል።

አልሞተም፤ አመሉ ነው። አንበሳ ሴሬንጌቲም ይሁን ዋሽንግተን በቀን እስከ 20 ሰዓት ድረስ ይተኛል ወይም ጋደም ብሎ ይውላል። ሥራው የማታና የንጋት ስለሆነ ቀትር ላይ የሚያባክነው ጉልበት የለውም። በዚያ ላይ እንደኛ ሰውነቱ በላብ አይርስም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክና ጥላ ፈልጎ በመንጋለል ነው። የዋሽንግተን ሐምሌ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ ዝናቡ እስኪያባራ ደጃፍ ላይ በሚቆምበት ወር፣ እዚያ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። አየሩ እርጥበት ያዘለ በመሆኑ የወጣው ላብ እንኳ ቶሎ አይደርቅም።

ከአንበሶችም የባሰበት ጎፈረ ጥቁሩ ነው። ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር የተባሉ ተመራማሪዎች የሴሬንጌቲ አንበሶችን ሙቀት በሚለይ ካሜራ አይተው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ጎፈራቸው የጠቆረ ወንዶች ሰውነታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፣ በሞቃት ወራት የሚበሉት ይቀንሳል፣ የዘር ፍሬያቸውም ይጎዳል። ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን ተሸከሙት? ሴቶቹ ጥቁሩን ይመርጣሉ፤ ባላንጣ ወንዶችም ጥቁሩን ሲያዩ ያፈገፍጋሉ። አንበሳም ለማማሩ የሚከፍለው ዋጋ አለው ማለት ነው። በአሜሪካ ልዩ ልዩ ዙዎች ያሉ አንበሶችን ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ብርዳማ ከተማ የሚኖር አንበሳ ጎፈሩ እንደሚረዝምና እንደሚደነድን አሳይቷል፤ ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ የአየሩ ቅዝቃዜ ውጤት ነው። የአዲስ አበባ አንበሶች ጥቁር ጎፈራቸው ደረታቸውን አልፎ ሆዳቸው ድረስ የሚወርደው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በብርድ ስለሚኖሩ ይሆን? ለነገሩ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት እነዚህ አንበሶች ከሌሎች አንበሶች በዘራቸው የሚለዩ መሆናቸውን ስላሳየ፣ ሁሉንም በብርዱ ማሳበብ አይቻልም።

የኛው አንበሳ የዋሽንግተንን ሐምሌ ቀምሷታል። እ.ኤ.አ. በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሮዝቬልት ስጦታ ልከዋል፤ ከስጦታው መካከል አንበሳ ነበረበት። እንስሳ መላክ ለምኒልክ አዲስ ነገር አልነበረም። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ የሜዳ አህያ ልከው፣ ያ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ በዓለም መዝገብ የግሬቪ የሜዳ አህያ እየተባለ ይጠራል። ስሙ በላኪው ሳይሆን በተቀባዩ መውጣቱ ያበግናል፤ ግን አልፏል።

ወደ ቅሬታው እንመለስና፣ የዙ ጉብኝት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ምርጫ ነው። ቤተሰቡ ቅዳሜ ጠዋት አርፍዶ ይነሳል፣ ቁርስ ይበላል፣ ዘመድ ይጠብቃል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት እዚያ ግቢ ውስጥ በፀሐይ የሚዞር ፍጡር ሰው ብቻ ነው። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ የገባ ግን አንበሳው ድንበሩን እየዞረ ሲያሸት፣ አንዳንዴም ሲያገሳ ያገኘዋል። የአንበሳ ግሳት ጸጥ ባለ ሜዳ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። በ30 ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ደግሞ ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ ደረት ይሰማዋል።

ስለ ቦታው አቀማመጥ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከመመሪያው ካርታ ላይ በቀላሉ የማይታይ ስለሆነ ነው። ዙው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1889 በኮንግረስ አዋጅ ነው። ዊልያም ሆርናዴይ የተባለው የስሚዝሶኒያን ሠራተኛ ለሙዚየም የሚሆን የጎሽ ቆዳ ፍለጋ ወደ ሞንታና ሄዶ፣ የአሜሪካ ጎሽ ሊጠፋ ጥቂት እንደቀረው አይቶ ደንግጦ ከተመለሰ በኋላ መሆኑ ነው። ቦታውን በመንደፍ የተሳተፈው የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ የነደፈው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ነው። ኦልምስቴድ መሬቱን ማስተካከል አልወደደም፤ ዋናው መንገድ ከኮኔቲከት ጎዳና ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ሮክ ክሪክ ወንዝ ይወርዳል። ሲገቡ ቁልቁለት ነው፣ ሁሉም ይስቃል። ስትወጡ፣ ያውም ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የተኛ ልጅ ታቅፋችሁ ያንኑ ዳገት ትወጡታላችሁ። በባቡር የምትመጡ ከሆነ ክሊቭላንድ ፓርክ ጣቢያ ወርዳችሁ ግቡ፣ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ስትመለሱ ውድሊ ፓርክ ሂዱ፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ውድሊ ፓርክ ከወረዳችሁ ገና በሩ ሳትደርሱ ልጆቹ «ደከመኝ» ይላሉ።

አሁን ወደ ዝሆኖቹ። በሙቀት ወራት ዙ ሄዶ አንድ ነገር ብቻ ማየት የሚችል ሰው ካለ የዝሆኖቹን የጠዋት እንክብካቤ ይይ ባይ ነኝ። በዋሽንግተን ያሉት የእስያ ዝሆኖች ናቸው፤ አንዷ ሴት ዝሆን ሦስት ቶን ገደማ ትመዝናለች። ይህን የሚያህል ሥጋ ውስጡ የሚፈጠረውን ሙቀት ማስወጣት ትልቅ ጣጣ ነው፤ የላብ ዕጢ እንደሆነ ከጥፍሮቹ አካባቢ በቀር የለውም። ስለዚህ ጆሮውን ያራግባል። የጆሮ ቆዳ ስስ ነው፣ ከኋላው በጣት የሚያህሉ የደም ሥሮች ተዘርግተውበታል፤ ትኩሱ ደም በዚያ ሲያልፍ በነፋሱ ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ ልክ እንደ መኪና ራዲያተር። ሌላው መላ ውሃና ጭቃ ነው። የአፍሪካ ዝሆን ቆዳ ላይ የሚታየው እንደ ደረቀ ኩሬ የተሰነጣጠቀ መረብ በእርጅና የመጣ መሸብሸብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው እነዚያ ስንጥቆች ከለስላሳ ቆዳ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ውሃ ይይዛሉ። ዝሆኑ ታጥቦ ከወጣ ከረጅም ሰዓት በኋላም ያ ውሃ ቀስ እያለ እየተነነ ያቀዘቅዘዋል። ከታጠበ በኋላ ወዲያው አፈር አንስቶ ጀርባው ላይ ሲነሰንስ ልጆች «ቆሸሸ!» ብለው ይጮኻሉ። አፈሩ ከፀሐይና ከዝንብ የሚከላከልበት መሸፈኛው ነው።

አንድ ጠዋት ከአጥሩ አጠገብ ከቆሙት መካከል ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ፣ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል ያደረጉ እናት ነበሩ። ጠባቂው ከወፍራም የብረት አጥር ወዲህ ተቀምጧል። አንድ ቃል ሲናገር ዝሆኗ ጎኗን አዙራ የኋላ እግሯን አነሳችና በአጥሩ ክፍተት በኩል አሳልፋ ብረቱ ላይ አሳረፈችው። የእግሯ ሶል እንደ ምጣድ ሰፊ፣ ግራጫ፣ ጎድጓዳ ቦታዎች ያሉት ነው። ጠባቂው በውሃ አጠበው፣ በብሩሽ ፈተገው፣ ከስንጥቁ ውስጥ ጠጠር በጣቱ አወጣ፣ ከዚያ ትልቅ ሞረድ አንስቶ ጥፍሮቹን መሞረድ ጀመረ። ዱቄቱ ቡን ይላል። በየመሃሉ የስኳር ድንች ቁራጭ ይወረወርላታል፤ ኩምቢዋ ከላይ ዞሮ መጥቶ ሳታይ ታነሳዋለች። «ምን እያረጋት ነው?» አሉ እናት። «እግሯን እያያት ነው፣ እማማ። በየቀኑ ያዩላታል» አለ የልጅ ልጃቸው። እናት ትንሽ ዝም አሉና «እኔን ጉልበቴን የሚያየው ሐኪም ሦስት ወር ቆይተሽ ነይ ብሎኛል» አሉ። በዙሪያው አማርኛ የምንሰማ ሁሉ ሳቅን፤ ሌሎቹ ጎብኚዎች በዝሆኗ የሳቅን መሰላቸው።

እግር ማየቱ ለትርኢት የተፈጠረ ጨዋታ አይደለም። ዝሆን በተፈጥሮው ብዙ ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ድንጋዩም ጭቃውም አሸዋውም ጥፍሩንና ሶሉን ይሞርዱለታል። በማቆያ ውስጥ ግን ጥፍሩ ያድጋል፣ ይሰነጠቃል፣ ቁስሉ ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ በሰው እጅ ያሉ ዝሆኖችን ከሚያሠቃዩ በሽታዎች ዋነኛው የእግር በሽታ ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። በድሮው ልማድ ጠባቂው ከዝሆኑ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ይገባና መንጠቆ ባለው ዱላ እያስፈራራ ያዝዘዋል። ዛሬ በዚህና በሌሎች ብዙ ዙዎች መካከላቸው አጥር አለ። ዝሆኗ እግሯን ካልሰጠች ማንም አያስገድዳትም፤ ዞራ ወደ ኩሬው ትሄዳለች። ስኳር ድንቹ ይቀርባታል እንጂ ዱላ አይከተላትም። ከጆሮዋ ጀርባ ደም ለምርመራ ሲቀዳም በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ነገር ሥሩ ረጅም ነው። የበርን፣ የባዝልና የዙሪክ ዙዎችን በየተራ የመራው ስዊዘርላንዳዊ ሃይኒ ሄዲገር እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ የሆነ የርቀት ሒሳብ እንዳለው ጽፏል። ሚዳቋ ሰው ሲመጣ ታያለች፣ ጆሮዋን ትቀስራለች፣ ግን ትቆማለች። አንዲት የማትታይ መስመር ስትታለፍ ያን ጊዜ ትፈተለካለች። ያቺ መስመር ለእያንዳንዱ ዝርያ ልትለካ ትችላለች። መሸሻ ያጣ እንስሳ ደግሞ መስመሩ ሲታለፍበት ወይ ይዞርና ያጠቃል ወይም ውስጥ ውስጡን ይታመማል። የሄዲገር ትምህርት ለዙ የነገረው ቁም ነገር ግልጽ ነው፦ ትንሽ ጎጆ ውስጥ፣ በአራት አቅጣጫ በሰው የተከበበ እንስሳ ማለት ቀኑን ሙሉ መስመሩ የተጣሰበት እንስሳ ነው። ስፋቱ ብቻ አይበቃም፤ ዘወር የሚልበት ጥግ፣ ሰው የማያይበት ጥላ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «እንስሳው አይታይም» ብለን ስንማረር፣ የምንማረርበት ነገር የዙውን ጥሩነት የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ኒውዮርክ ያላችሁ ብሮንክስ ዙ ብትሄዱ እ.ኤ.አ. በ1990 በስሜን ተራራ አምሳል የተሠራ ሰፊ ተዳፋት ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ታያላችሁ፤ አንዳንዴ በቅርብ፣ አንዳንዴ ነጠብጣብ ሆነው ማዶ ላይ። በዋልያ ፋንታ አብሯቸው የሚሰማራው የኑብያ አይቤክስ የተባለው የበረሃ ፍየል ነው፤ ለአገሬ ሰው ይህ ትንሽ ይቆጠቁጣል።

እንስሳ ራሱ መርጦ ወደ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን የዋሽንግተኑን ኦ ላይን የሚወዳደር ነገር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1995 ዙው ኦራንጉታኖቹ ከሚኖሩበት ቤት እስከ ሌላ ሕንፃ ድረስ 15 ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው ማማዎች ተከለና በመካከላቸው ገመድ ዘረጋ። መንገዱ ያለው ጎብኚ በሚመላለስበት አውራ መንገድ አናት ላይ ነው፤ ከሥር መረብ የለም፣ ግድግዳም የለም። አየሩ ሞቅ ባለ ወራት ጠዋት በሩ ይከፈታል። የፈለገው ይወጣል፣ ያልፈለገው እዚያው ይቀራል። ከቀላው ጸጉር ሥር ረጃጅም እጆቹን እየቀያየረ፣ ሳይቸኩል፣ አንዳንዴ መሃል ላይ ቆሞ ወደ ታች ሕዝቡን እያየ ያልፋል። ሞባይሉን የቀሰረው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ማን ማንን ሊጎበኝ እንደመጣ ግራ ይገባል። ኦራንጉታን በቦርኔዮና በሱማትራ ጫካ ኑሮው ዛፍ ላይ ስለሆነ በአራት እጅ እግሩ ጨብጦ መሄድን ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው የሚማረው፤ ለሱ ጭንቅ የሆነው መሬት እንጂ ገመዱ አይደለም።

በሙቀት ወራት ልጆች የሚወዱት ሌላው ነገር በረዶው ነው። ፓንዳዎቹ ባኦ ሊና ቺንግ ባኦ (በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ከቻይና የመጡት ናቸው፤ ባኦ ሊ ከዚህ ቀደም እዚህ የኖሩት የቲያን ቲያንና የሜ ሺያንግ የልጅ ልጅ ነው) የዘወትር ምግባቸው ቀርከሃ ነው። ለነሱ ዓይነት የደጋ እንስሳ በቀጠነ ጭማቂ ውስጥ ፍራፍሬ ተከትቶ፣ በረዶ ሆኖ ይሰጣል። ለአንበሳና ለታይገር የሚዘጋጀው በረዶ ደም ያለበት ነው፤ ደም ያየ ልጅ «ዋው» ይላል፣ ያየች እናት ፊቷን ታዞራለች። በብዙ ዙ ለእንስሳ ልደት ቁጥር የተጻፈበት የበረዶ ኬክ ይሠራል። ቁጥሩ ለኛ ፎቶ ነው፤ እንስሳው ማንበብ አይችልም። ለእንስሳው የሚጠቅመው ምግቡ ወዲያው አለመገኘቱ ነው። ግሌን ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ለአይጦች በነጻ የቀረበ ምግብ ሞልቶ ሳለ፣ መንሻ ተጭነው የሚያገኙትንም ምግብ ሰጣቸው፤ ብዙዎቹ ሠርተው የሚበሉትን ፈለጉ። ከዚያ ወዲህ ይህ ጠባይ በብዙ ዓይነት እንስሳ ላይ ታይቷል። ስለዚህ ጥሩ ጠባቂ ምግቡን ይደብቃል፣ ቧንቧ ውስጥ ይከተዋል፣ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል፣ በረዶ ያደርገዋል። ፓንዳው በረዶውን አቅፎ ተጋድሞ ሲልስ ቆንጆ ነው፤ ለኔ ግን ከሱ ይልቅ ድብ ከእንጨት ግንድ ውስጥ ማር ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ሲታገል ማየት ይበልጥብኛል።

በእጅ የሚነኩት እንስሳስ? ለዚህ ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ ባልቲሞር ወዳለው የሜሪላንድ ዙ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የተቋቋመ አንጋፋ ዙ ነው። ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆመው ቀጭኔ ማብላት ይቻላል። ጭንቅላቷ ከልጁ ሰውነት ይበልጣል፣ ሽፋሽፍቷ ረጅም ነው፣ 45 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ወደ ጥቁር የሚያደላ ምላሷ ወጥቶ ቅጠሉን ይጠመጥመዋል። ብዙ ቦታ የሚሰጠው የሰላጣ ቅጠል ነው፤ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ መቶ ልጅ ቢያበላት ከእውነተኛ ምግቧ አያጣላትም። በቃኝ ስትል አንገቷን ትመልስና ትሄዳለች፤ የቆመው ሰልፍ ምንም ቢረዝም የሚያስቀራት የለም። እዚያው ዙ ውስጥ ከሰሜን አሜሪካ በብዛት የሚመራ የአፍሪካ ፔንግዊን መንጋ አለ። በሐምሌ ፀሐይ ፔንግዊን ውጭ ማየት ሰውን ያስደነግጣል፣ «ኧረ ሊሞቱ ነው» የሚልም አይጠፋም። የነዚህ አገር ግን የደቡብ አፍሪካና የናሚቢያ ዳርቻ ነው፣ በረዶ አያውቁም። ሲሞቃቸው ከዓይናቸው በላይ ወዳለው ላባ የሌለው ቆዳ ብዙ ደም ይሄድና ይቀላል፤ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ የትኛው ፔንግዊን እንደሞቀው ከፊቱ ይነበባል።

ዋሽንግተንም ቢሆን ለልጆች የሚሆን የእርሻ ግቢ አለው። ፍየል፣ ላም፣ አህያ፣ ዶሮ። ገጠር ያደገ አባት ይህን ሁሉ መንገድ ነድቶ፣ የማቆሚያ ከፍሎ፣ ልጁ ፍየል በብሩሽ ስታበጥር ፎቶ ሲያነሳ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ማየት ብቻውን ጉብኝት ነው። ከወጣችሁ በኋላ ግን የልጆቹን እጅ በሳሙና አሳጥቡ፤ ጤነኛ በሆነ የቤት እንስሳ አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ትንሽ ልጅን ክፉኛ ሊያሳምም ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ዓይነት «መገናኘት» አለ፣ ጨክኜ የምናገረው። የታይገር ወይም የአንበሳ ግልገል ታቅፎ ፎቶ መነሳት። በአሜሪካ በመንገድ ዳር ማሳያዎች ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሕዝብ የትልልቅ ድመቶችን ግልገል እንዲነካ ማድረግን ከለከለ። ግልገል ለፎቶ የሚሆነው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ ይከብዳል፣ ይናከሳል፣ ሌላ ግልገል ይተካዋል። ይህ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። ከአፍሪካ ቀንድ፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ የሚሰረቁ የአቦሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል አድርገው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሻገራሉ፤ ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ። የተያዙትን የሚያሳድግ መጠለያ ሶማሌላንድ ውስጥ አለ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ አደገኛ አውሬ ቤት ማሳደግን ከልክላለች። እናም በስልካችሁ ላይ በሚያምር መኪና ወንበር ላይ የተቀመጠ አቦሸማኔ ስታዩ፣ ከመውደዳችሁ በፊት ከየት ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ አስቡ።

ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የሚበጀው ሕንፃ ውስጥ መግባት ነው። የዋሽንግተኑ የትንንሽ አጥቢዎች ቤት ይቀዘቅዛል፣ ጨለም ይላል፣ ልጆች በመስኮት መስኮቱ ይበተናሉ። እዚያ ውስጥ ሐበሻ ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ዝም ብለው የሚያልፉት የአገራቸው ልጅ አለ፦ ጸጉር አልባው ፍልፈል። የመዳፍ ያህል፣ ሮዝ፣ የተጨማደደ፣ ዓይኑ ነጥብ፣ ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ የበቀሉ። በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው፤ መዝጋቢው ኤድዋርድ ሩፔል፣ የመጀመሪያው ናሙናም ከኢትዮጵያ የተገኘ። ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ኬንያ መሬት ሥር ይኖራል። አይጥ የሚያህል እንስሳ ሁለትና ሦስት ዓመት ኖሮ ሲሞት ይህ ከ30 ዓመት በላይ ይቆያል፤ ኦክስጅን በሌለበት አየር 18 ደቂቃ ያህል ተቋቁሞ መትረፉም እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቧል። የሚኖረው እንደ ንብ በንግሥት ሥር ነው። የምትወልደው እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ይቆፍራሉ፣ ግልገል ይጠብቃሉ፣ ምግብ ያመላልሳሉ። ሥራ የፈታ ያጋጠማት እንደሆነ ንግሥቲቱ በአፍንጫዋ ገፍትራ ወደ ሥራው ትመልሰዋለች። ለሽንት ቤት የተለየ ክፍል አላቸው፤ ልጆች ከሁሉም በላይ የሚወዱት መረጃ ይህ ነው፣ ለምን እንደሆነ አይጠየቅም።

መስታወቱን ተጠግታችሁ ብትሰሙ ጭር ጭር የሚል ድምፅ አላቸው። በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ድምፅ ለዓመታት ቀድተው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት እያንዳንዱ መንጋ የራሱ የሆነ ዘዬ እንዳለው አሳይተዋል። ሁለት ፍልፈሎች ሲገናኙ በዘዬው የራስንና የባዕድን ይለያሉ፤ ንግሥቲቱ ስትሞትም ዘዬው ይዘበራረቃል። ተመራማሪዎቹ ግልገሎችን ወስደው ሌላ መንጋ ውስጥ ቢያሳድጓቸው ግልገሎቹ የወለዷቸውን ሳይሆን ያሳደጋቸውን መንጋ ዘዬ መናገር ጀመሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ በአማርኛ ስትጠይቀው በእንግሊዝኛ ለሚመልስላት ልጇ ይህን የምታነብለት እናት ምን እንደምትል መገመት አያቅትም፤ ልጁም በእንግሊዝኛ ይመልስላታል።